ወደ ሙሴ ኦጉስታን ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

የሙሴ ኦጉስታንን መሞት ያወቅሁት ዓይን ሐኪም ቤት ተቀምጬ ነው። ቴርሚኔ፣ ማለት ቀጠሮዬ፣ ለአራት ሰዓት ነበር፤ እኔ እንደ ልማዴ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደርሻለሁ። ሐኪሙ ያለው ፍራንክፈርት፣ ኦይሮፓፊርቴል የሚባለው ሰፈር፣ ከእነዚያ መስታወት ብቻ ከሚመስሉ አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ዓይኔ ውስጥ ሳይገባ ትንሽ ላንብብ ብዬ ከጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነሣሁ። ከባህል ገጹ ግርጌ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ፎቶግራፍ አየሁ። ጠጉራቸው አልቋል፤ ጉንጫቸው ወርዷል። ግራ ቅንድባቸው ግን አሁንም ከቀኙ ከፍ ብሏል፤ አንድ ነገር ጠይቆ መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው።

ጽሑፉ አጭር ነበር። ፈረንሳዊው የቫሪዬቴ ጸሐፌ ተውኔትና የመድረክ አዘጋጅ በዘጠና ሰባት ዓመታቸው ማረፋቸውን፣ አንዲት ሴት ልጅ እንዳለቻቸው፣ በወጣትነታቸው ለፓሪስ መድረኮች ብዙ እንደጻፉ ይናገራል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እንዲህ የሚል ነበር፦ ፍራንክፈርት ያዘጋጁት ትርኢት በአንድ የውጭ አገር ሰዎች የሃይማኖት ቡድን ተቃውሞ ከተሰናከለ በኋላ ወደ መድረክ አልተመለሱም።

ቡድን የተባልነው እኛ ነን። ቡድኑን የላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወዲያው ስሜ ተጠራና ጠብታው ገባብኝ። ከዚያ በኋላ ፊደሉም ፎቶግራፉም ጭጋግ ሆነ። ስወጣ ልጄ ደወለችና በጀርመንኛዋ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ።

«ደህና ታያለሽ አለኝ» አልኳት።

«ታዲያ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ብርሃኑ በዝቶብኝ ነው።»

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስለዚህ ነገር ስጠየቅ ግማሽ መልስ መስጠት የኖረ ልማዴ ነው።

ያ ሕንፃ የቆመበት ቦታ የዛሬ አርባ ዓመት የዕቃ ባቡር ጣቢያ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዚንድሊንገን፣ ከከተማው ዳር የመድኃኒት ፋብሪካ ባለበት ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል ሲነሣ መስኮት መክፈት አይቻልም፤ የታጠበ ልብስ ሳይቀር መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ጠዋት በባቡር ወደ ከተማ ስገባ በመስኮቱ ማዶ የተደረደሩትን ፉርጎዎች እቆጥር ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ፈረንሳይኛዬም የመጣው ከዚያው ነው። እኛ ሰፈር ነጩን ሁሉ «ሙሴ» እያልን ነው ያደግነው።

ሥራውን ያገኘሁት በዚሁ ፈረንሳይኛ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ቫሪዬቴ ነበር፤ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ቀልድና አጭር ተውኔት በአንድ ምሽት የሚፈራረቁበት ቤት። ለዚያ ዓመት ትርኢት ከፓሪስ የመጡት አዘጋጅ ጀርመንኛ አይችሉም፤ የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ፍራው ሄርታ ደግሞ ከጀርመንኛ ሌላ አይችሉም። እኔ መርፌ የምይዝና ሁለቱንም የምሰማ ሆኜ ተገኘሁ። ለአገሬ ሰዎች «ልብስ ስፌት ቤት ገባሁ» አልኩ። የምን ልብስ እንደሆነ አልተናገርኩም። አንዳንዱ ልብስ ከመሐረብ ያነሰ ነበር።

የልብስ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። የካውያው እንፋሎት፣ የላባው አቧራ፣ የፍራው ሄርታ የፕሪም ኬክ ሽታ እዚያ ተዘግቶ ይውላል። ወሩ ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። ኬኩ ቅቤ አለው ብዬ እምቢ ስል ፍራው ሄርታ ለተወዛዋዦቹ «ይህች ልጅ ጦርነት አትፈራም፣ ቅቤ ትፈራለች» ይሏቸው ነበር። እኔ ከቤት የቆላሁትን ቆሎ በኪሴ ይዤ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ሳላቋርጥ አንድ ሁለት አደርጋለሁ።

ሙሴ ኦጉስታን ያን ጊዜ ስልሳ አልሞላቸውም። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ ከከንፈራቸው የማይለያቸው ሰው ነበሩ። በልምምድ መሐል እረፍት ሲሆን እኛ ዘንድ ይወርዳሉ።

«ዛሬም የወፍ ምግብ?» ይሉኛል ኪሴን እያዩ።

«አንቱስ ዛሬም ያለ እሳት ያጨሳሉ?»

«ሐኪሙ መለኮስ ነው የከለከለኝ። መያዝ አልከለከለኝም።»

ከዚያ መዳፋቸውን ይዘረጉና ቆሎ እሰፍርላቸዋለሁ። ብቻቸውን ነበሩ። ከሰው ሁሉ ጋር በአስተርጓሚ መነጋገር ምን ያህል እንደሚያደክም እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ላባ እየሰካሁ የሚያወሩትን እሰማ ነበር።

የሰሜን ፈረንሳይ የከሰል ማዕድን አገር ልጅ ናቸው። እናታቸው ባል ሞቶባቸው ልብስ እያጠቡ ነው ያሳደጓቸው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ለአንድ ኮሚክ ዘፋኝ የስምንት ደቂቃ ተውኔት ጻፉ፤ ተወደደላቸው፤ ፓሪስ ገቡ። «ተመልካቹ ኮቱን አውልቆ ሳይጨርስ የሚያልቅ ተውኔት እጽፍ ነበር» ይሉኛል። በሁለት ዘፋኞች መካከል የምትገባ፣ የምታስቅ፣ የምትረሳ። ከዚያ ማዘጋጀቱን ያዙ። አርባ ሴቶችን በተረከዛም ጫማ፣ እግራቸውን ሳያዩ፣ ትልቅ ደረጃ ማስወረድ የሚችል ሰው በፓሪስ ከእሳቸው ሌላ ሁለት ብቻ ነበር አሉኝ። ሃያ ዓመት ሲያስወርዱ ኖሩ። ቴሌቪዥን ሲመጣ አዳራሾቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። «የጀመርኩበት ቤት አሁን ሱፐርማርኬት ነው። ገብቼ አየሁት። መድረኩ የነበረበት ቦታ ላይ አይብ ይሸጣል። ብዙ ሰው ተሰልፏል፤ በእኔ ጊዜ እንኳ እንዲያ አልተሰለፈም።» ይስቃሉ። ሳቃቸው ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። ፍራንክፈርት የመጨረሻ ዕድላቸው እንደሆነች ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት ብቻዬን ሆኜ ጫፍ እየሰፋሁ የእመቤታችንን መዝሙር አንጎራጉራለሁ። በፍልሰታ እናቴ ጠጉሬን ስትሠራኝ የምታዜመው ነው። ቀና ስል ሙሴ ኦጉስታን በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላወቅሁም።

«ይህ ዜማ የማን ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን እነዚያን ቁርጥራጮች አየሁ። በዚያ ክፍል ስሟን መጥራት ድፍረት መሰለኝ።

«የእናቴ ነው» አልኳቸው።

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። ስሟን ለመጥራት ካፈርኩ ዜማዋን እዚያ ማዜሜ እንዴት ሳያሳፍረኝ ቀረ? ይህን ዛሬ እጠይቃለሁ፤ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

«ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስል በሲጋራው ፓኮ ጀርባ ላይ ኖታ ጻፉ። «እናትሽ በሕይወት አሉ?» አሉኝ። «ድሬዳዋ ናት። መቼ እንደማያት አላውቅም» አልኩ። አንገታቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። መድረኩ ላይ ለልምምድ ልብስ ይዤ ስወጣ ፒያኖው የእናቴን ዜማ ይጫወታል። እጄ ላይ ያለው ልብስ ከበደኝ። መብራቱ ደብዝዟል። አንዲት አሮጊት ዘፋኝ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ትልቁ ደረጃ ግርጌ ብቻቸውን ቆመው ያለ ቃል ያዜማሉ። ቀና ብዬ ወደ ደረጃው ራስ ሳይ፣ በጨለማው ውስጥ ዐሥራ ሁለቱ ተወዛዋዦች ላባቸውን አንዠርግገው ለመውረድ ተዘጋጅተዋል። ከዚያ በላይ አላየሁም። ልብሱን ወንበር ላይ ጥዬ በጓሮ በር ወጣሁ፤ እስከ ማይን ወንዝ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? በማግስቱ ሲወርዱ «ሙሴ፣ ይህ ጸሎት ነው፤ ተዉት» ማለት ብቻ። ቋንቋው ነበረኝ፤ ሰውየው በየቀኑ አጠገቤ ይቀመጣሉ። አልቻልኩም። አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው። በእኛ ቤት ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት «ይህን አታድርጉ» ማለት የለም፤ ከባድ ነገር ሲመጣ በመሐል ሰው ይገባል። ደግሞ ብናገር፣ መጀመሪያ «የእናቴ ነው» ማለቴን ማንሣት ሊመጣ ነው።

ያን ጊዜ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። ቄሱ በወር አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ ይመጣሉ፤ ጀርመኖች ባዋሱን አዳራሽ እንቀድሳለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጋሼ ደምሴ ሄድኩ። ጋሼ ደምሴ በአገራቸው መምህር የነበሩ፣ እዚህ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ የሁላችንም አባት ነበሩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አስጨንቆኛል።»

«ወረቀት ነው ወይስ ሥራ? እዚህ አገር ከሁለቱ ሌላ ጭንቀት የለም።»

«የእመቤታችንን መዝሙር ዘፈን ቤት ሊያዜሙት ነው።»

የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ። «ማነው እሱ?»

«የምሰፋላቸው ሙሴ ናቸው። ፈረንሳዊ።»

«ከየት አገኙት?»

«ከእኛ ሰው ሰምተው ነው።»

ሁለተኛው ግማሽ መልሴ ይህ ነበር።

«አንቺ ነግረሻቸዋል?»

«እንዴት አድርጌ ጋሼ? የአባቴ እኩያ ናቸው።»

«ልክ ነሽ» አሉ ወዲያው። «ይህ የልጅ ሥራ አይደለም። በሽማግሌ ነው።»

እፎይ አልኩ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያ እፎይታ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ጋሼ ደምሴ፣ ለዚሁ ጉዳይ የሰነበቱት ቄሱና አንድ የፋብሪካ ባልደረባቸው። ሙሉ ልብስ ላይ ነጠላ አጣፍተው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቀኑን የመረጡት እኔን ሳይጠይቁ ነው። ያ ቀን ጋዜጠኞች የተጠሩበት የመጨረሻው ሙሉ ልምምድ ነበር። በረኛው ሲያያቸው ደንግጦ ወንበር አመጣ። አልተቀመጡም። የእኛ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ይቀመጣል እንዴ? መቆሙ ልመናው ነው፤ አክብሮቱም ነው። በረኛው ግን ወንበር እምቢ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም። የቤቱን ሥራ አስኪያጅ ጠራ።

ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበር። ጋሼ ደምሴ በዚያ በመምህር ጀርመንኛቸው ሰላምታቸውን ከአዳም ጀመሩለት።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አለ አቋርጦ።

«አዘጋጁን እንፈልጋለን። እስኪሰሙን አንቀመጥም። ከዚህም አንሄድም።»

በአማርኛ ቢሆን ይህ ትሕትና ነው። ከደረጃው ጥግ ቆሜ ሁሉን እሰማለሁ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። በመንገዱ ማዶ የእኛው ልጆች ነጠላውን ሲያዩ ምን ተፈጠረ ብለው ቆሙ፤ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ሆኑ። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ከአዳራሹ ወጥቶ አነሣቸው። ያን ጊዜ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ «በቤቴ በር ላይ ሰልፍ አልፈልግም» ብሎ ገባና ትዕይንቱን ከትርኢቱ አወጣው። ከጋሼ ደምሴ ጋር ሙሴ ኦጉስታን አንድ ቃል እንኳ አልተነጋገሩም። አልተገናኙም።

ትንሽ ቆይቶ ሙሴ ኦጉስታን እኔ ወዳለሁበት ምድር ቤት ወረዱ። ሲጋራ አልያዙም። ፍራው ሄርታ አንድ ጊዜ አይተዋቸው ካውያውን አጥፍተው ወጡ።

«ጸሎት ነው አሉ» አሉኝ ሙሴ ኦጉስታን።

«አዎ ሙሴ።»

«የእናቴ ነው ብለሽኝ ነበር።»

መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰካሁ።

«ለእናትሽ ነው የሠራሁት። ለእናትሽና ለእናቴ። አርባ ዓመት ስጮህ ኖሬ አንድ ጊዜ ዝም ያለ ነገር ልሥራ ብዬ።» ከዚያ ጥግ ወደ ተሰቀሉት ዐሥራ ሁለት ግራጫ ሻርፖች አሳዩኝ። ከራስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍኑ ናቸው፤ የየትኛው ትዕይንት እንደሆኑ ሳልጠይቅ የሰፋኋቸው እኔው ነበርኩ። «እነዚህ ለምን ይመስሉሽ ነበር?»

ከአንዱ ሻርፕ ጫፍ የተረፈ ክር በጠስኩ።

«ልብስ ቢጠበኝ ፍቺው አልልሽም ነበር? በአንዲት ቃል እተወው ነበር። ምን አድርጌሽ ነው የፈራሽኝ?»

አልፈራኋቸውም። አከበርኳቸው እንጂ። ይህን በፈረንሳይኛ እንዴት እንደምለው ጠፋኝ፤ ድሬዳዋ ያስተማረችኝ ፈረንሳይኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ትንሽ ጠበቁኝ፣ ያቺ ግራ ቅንድባቸው ከፍ ብላ። ከዚያ ሄዱ። «ትዕይንቱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» ብለው ለሥራ አስኪያጁ ነግረውት ኖሯል፤ እሱም «እንደ ወደዱ» ብሏቸዋል። ትርኢቱን ረዳታቸው ጨረሰው። በሳምንቱ እኔም ለቀቅሁ፤ ፍራው ሄርታ ሲሰናበቱኝ እጃቸውን አልዘረጉልኝም።

ጋሼ ደምሴ መጀመሪያ ላይ ግራ ገብቷቸው ነበር። «ቆመን ለመንን፤ ሰልፍ ወጣችሁ አሉን» ይሉ ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በየበዓሉ፣ ከጸበል ጸዲቅ በኋላ፣ ፈረንሳዊው ዘባች መዝሙራችንን ሊያረክስ ሲል በሦስት ሽማግሌ ያሳፈርንበት ቀን ተብሎ ይወራል። እዚህ የተወለዱት ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። እኔ ወጡን አቀርባለሁ፤ ሳህኑን አነሣለሁ። «ለሽማግሌዎቹ የነገርሽው አንቺ ነበርሽ አይደል?» ሲሉኝ አዎ በማለት አንገቴን እነቀንቃለሁ። ለንስሓ አባቴ ነግሬያለሁ፤ የታዘዝኩትን ሰግጃለሁ፤ እግዚአብሔር እንደማረኝ አምናለሁ። የበደልኩት ሰው ግን ፓሪስ ነበር፤ አድራሻ ፈልጌ አልጻፍኩም። ነገ እላለሁ። ሰው ዘጠና ሰባት ዓመት ሲኖር ለብዙ ነገ ቦታ ይሰጣል፤ እኔ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም።

ጋዜጣውን ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን ሽቫንሃይም ሄድኩ። ጋሼ ደምሴ አሁን እዚያ የአረጋውያን ቤት ናቸው። በመስኮታቸው የከተማው ጫካ ይታያል። ጆሯቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነው። ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸውና ነገርኳቸው፤ የሙሴ ኦጉስታንን መሞት፣ ጋዜጣው ያለውን፣ ከዚያም አርባ ዓመት ያልነገርኳቸውን።

«ጸሎት መሆኑን አያውቁም ነበር?» አሉ።

«አያውቁም ነበር ጋሼ። የእናቴ ነው ብያቸው ነበር። ያዜምኩትም እኔ ነኝ።»

ብርቱካኑን ሳይበሉ ያዙት። «እንዲያ ከሆነ ለምን ሦስት ሆነን ሄድን? ብቻዬን ሄጄ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሻይ ጠጥቼ እነግራቸው ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔስ ይቅር ልበልሽ። እሳቸውን ማን ይጠይቅልኝ? ስንት ጊዜ ነው በዚህ አፌ የሳቅኩባቸው? ለልጆቹ ነግሬያለሁ እኮ። ልጆቹ ለልጆቻቸው ይነግራሉ።» ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «ጻፊው» አሉኝ። «ሰው ሁሉ በሚያነበው ላይ ጻፊው። የኔንም ስሕተት አትደብቂ። ለልጃቸውም ጻፊላት።»

ይኸው ጻፍኩ። ለልጃቸውም ደብዳቤ ጀምሬያለሁ፤ ጋዜጣውን ጠይቄ እንዲደርሳት አደርጋለሁ። አባትሽ ዘባች አልነበሩም፤ ስማቸውን ያበላሸው የእኔ ዝምታ ነው ብያታለሁ። ቆሎ መውደዳቸውንም ጽፌያለሁ። ስለ ትዕይንቱ ስደርስ ግን ብዕሬ ይቆማል። የሰው ዕድሜ የተበላሸበትን ነገር እኔ እስከ መጨረሻው አላየሁትም፤ አሮጊቷ እያዜሙ፣ ልጆቹ ከላይ እንደቆሙ ሸሽቼ ወጥቻለሁ።

ስለዚህ በዚያ ነሐሴ እዚያ ቤት ለነበራችሁ ሁሉ ልመና አለኝ። ፒያኖ የመታችሁ፣ በደረጃው ራስ ላይ ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ የነበራችሁ፣ መብራት የያዛችሁ፣ ከሽማግሌዎቹ ቀን በፊት በአንዱ ልምምድ ሾልካችሁ የገባችሁ የአገሬ ልጆች ካላችሁ፤ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ሻርፖቹን ለብሰው ወረዱ? አሮጊቷ ዘወር ብለው አዩዋቸው? አዳራሹ ዝም አለ ወይስ ሳቀ? ለእኔ ብላችሁ አታሳምሩት። ክፉም ከሆነ ክፉውን፣ እንዳያችሁት ንገሩኝ፤ ለልጃቸው የምልከው ደብዳቤ ግማሽ መልስ እንዳይሆን።